ኦርደር የተባለው ዓምድ እና የእትዬ ሽንኩርት

በዚህ በሸዋ ሮቢት አገር አካፋ ሳልይዝ፣ ጫማዬን ጭቃ ሳይነካው፣ ከወንበሬም ሳልነሳ የመስኖ ውሃ ከአንድ ሰው ማሳ ወደ ሌላ ሰው ማሳ ያዞርኩ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ያዞርኩትም በአንዲት ቃል ነው። ድግምት አላውቅም፤ ጠንቋይ ቤትም ደርሼ አላውቅም። አታምንም አይደል? ጀውሃ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ይህንኑ ወሬ ስጀምረው አጠገቤ የነበረው ሰው ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ የምለውን አውቃለሁ።

ሥራዬ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ነው። አስፋልቱ ዳር አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ግማሿ የእኔ ማሽኖች ናቸው፣ ግማሿ የባለቤቴ ጭማቂ ቤት ነው። እኔና ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል፤ ቂምም የለንም። ኮምፒውተር ማን አስተማረህ የሚሉኝ አሉ። ያስተማረኝ የተበላሸ ኮምፒውተር ነው። የሚሠራውን ማንም ይነካዋል፤ የተበላሸውን ግን ከእኔ በቀር የሚነካው ስላልነበረ ፈትቼ ገጠምኩት፣ ገጥሜ ፈታሁት፣ በመጨረሻ እሱም ሰለቸውና ሠራ። የቀረውን ከስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ለቀምኩ። እንግሊዝኛው ባይገባኝም የሰውዬውን ጣት አያለሁ። ጣት ቋንቋ አይፈልግም።

ዳታቤዝ የሚባለውንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ዳታቤዝ ማለት ትልቅ መዝገብ ነው፤ ዓምድ ዓምድ አለው፣ በአንዱ ዓምድ ስም፣ በሌላው ሰፈር፣ በሌላው ዕድሜ። ከመዝገቡ ውስጥ የፈለግከውን ለማውጣት ደግሞ በራሱ ቋንቋ ነው የምትጠይቀው፤ ኤስኪዩኤል ይሉታል። ቋንቋው አጭር ነው፣ ቁጡ ነው። አንዲት ነጥብ ብታጓድልበት ፊቱን ያጠቁርብሃል። እኔ ግን ተግባብቼው ነበር። ማለቴ፣ የተግባባን መስሎኝ ነበር።

እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብሎ ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ የመጣ ቦይ አለ። በዚያ ቦይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ አሥራ አራት ሰዎች አሉ። ውሃው ለሁሉም በአንዴ አይበቃም፤ ስለዚህ በተራ ነው። አንዱ ከማለዳ እስከ ስድስት ሰዓት፣ አንዱ ከስድስት እስከ ማታ፤ ዙሩ በሰባት ቀን ይሞላል። ተራውን የሚወስነው ዕጣ ነው። ውሃውን የሚያዞሩት ደግሞ የውሃ አባት የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ፊደልም አልቆጠሩም፣ ግን የቦዩን ድምፅ ሰምተው የት ላይ እንደፈሰሰ ይነግሩሃል።

አምና በደብተር ላይ የተጻፈ ተራ ተፋቀ ተብሎ ጠብ ተነሳ፤ አካፋ ለአካፋ ሊማዘዙ ደርሰው ነበር። ዘንድሮ ታዲያ ለስብሰባ ሲቀመጡ እኔ በመሐል ተነሳሁ። አልተጋበዝኩም፤ ቃለ ጉባኤያቸውን ኮፒ ላደርስ ሄጄ ነው የተነሳሁት።

"ኮምፒውተር ላይ እናድርገው" አልኩ። "ማንም አይፍቀውም። ከኮምፒውተር ታትሞ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ይግዛን። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም!"

"ዘመድ የሌለውማ ይሉኝታም የለው" አሉ የውሃ አባት። "ደሞስ አሥራ አራት ሰው ለመቁጠር ይሄ ሁሉ ሽቦ ምን ያደርጋል?"

"አባባ፣ ዛሬ አሥራ አራት ነው፤ ነገ ወረዳው ሁሉ ነው" አልኳቸው።

ሰው ሳቀ፤ ግን ጠቡ አስፈርቶት ነበርና ተስማማ። ከዚህ ወዲያ የሚገዛው የተለጠፈ ወረቀት ነው ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ ተጻፈ። የዚያን ዕለት ደረቴ በቤቴ በር አልገባ ብሎኝ በጎን ነው የገባሁት።

ዕጣው የወጣው ቦዩ ዳር ካለው ሾላ ሥር ነው። አወጣጡ እንደ ጥንቱ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ከኪሱ ወይ ከመሬት ያነሳና ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል፣ የትኛውን ዕቃ ማን እንደጣለ የማያውቅ እንግዳ ሰው ደግሞ አንድ በአንድ ያወጣል። በዚያን ቀን እንግዳ ሆኖ የተገኘው ወደ ደሴ የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሞተሩ ፈልቶበት ውሃ ፍለጋ መጥቶ ዳኛ ሆነ። ከሰል የጣለ አለ፣ የማሾ ፍሬ የጣለ አለ፣ አንዱ ቀልደኛ የግመል በጠጥ ጣለ፣ ሹፌሩ ነክቶት እጁን ሲያራግፍ ልንሞት ነው በሳቅ። መጨረሻ ላይ እየሮጠች የደረሰችው እትዬ ነች፤ እትዬ የምላት ባሏ የሞተባት፣ አንድ ጥማድ መሬት ብቻ ያላት ጎረቤታችን ነች። የምትጥለው ቢያጥራት ከቀሚሷ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ በጥሳ ጣለች። መጀመሪያ የወጣውም ያው ቀይ ቁልፍ ነው! እልል አለች። እኔም እዚያው ቁሜ "እትዬ፣ አንድ" ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቁጥር መሆን ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ የሚለቀቅበትን ማለዳ አስቀድመህ ታውቃለህ ማለት ነው። እሷም ይህን ተማምና በዋዜማው የሽንኩርት ችግኟን ከመደቡ ነቅላ አንድ ጥማዷን በሙሉ ተከለች። ሌላ መሬት የላትም፣ ሌላ ችግኝም የላትም።

እኔ በበኩሌ መዝገቡን ሠራሁ። ሠንጠረዡን የሠራሁት ኮምፒውተሩ በሚከፍተው መስኮት ላይ በማውሱ እየነካሁ ነው፤ በመስኮት ስትሠራ ደግሞ ያሻህን ስም ስጠው፣ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። ለሰው እንዲያምር ብዬ ዓምዶቹን በእንግሊዝኛ ሰየምኳቸው። የዕጣ ቁጥሩን ዓምድ "ኦርደር" አልኩት። ሰውዬው ከቦዩ በላይ በኩል ነው ወይስ በታች በኩል የሚለውን ዓምድ "ግሩፕ" አልኩት። ፈረንጅ ራሱ እንዲህ አይሰይምም ብዬ ተደሰትኩ።

አሥራ አራቱን ሰው አስገባሁና በዕጣ ቁጥራቸው ደርድረህ አውጣልኝ ብዬ በቋንቋው ጻፍኩለት። እምቢ አለ። ኦርደር አጠገብ ስህተት አለ ይላል። ብጽፍ፣ ባጠፋ፣ መልሼ ብጽፍ፣ ያው ነው። ስልኬን ከፈትኩ፤ አንድ ህንድ ቪዲዮ ላይ ቃሉን በጥቅስ ውስጥ ሲከተው አየሁ። ጣቱን እንጂ ቋንቋውን አልሰማሁትም። ወዲያው ሁለቱንም ቃል፣ ኦርደርንም ግሩፕንም፣ በነጠላ ጥቅስ ከተትኩ። ሄደ! አሥራ አራት ስም እንደ ሰልፈኛ ወጣ። አንድ ነገር ብቻ ገረመኝ፤ ላይኛ ታችኛ የሚለው ዓምድ ውስጥ ከላይ እስከ ታች "ግሩፕ፣ ግሩፕ፣ ግሩፕ" ብሎ ሞላው። ምን አደረግኩ መሰለህ? ላይኛና ታችኛውን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል ብዬ ያን ዓምድ ቆረጥኩና የቀረውን አተምኩ። ከአሥራ አራቱ አንዱ የሆነው የገበሬዎቹ ማህበር ጸሐፊ ወስዶ የማህበሩ መጋዘን በር ላይ ለጠፈው።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ባጃጅ በሬ ላይ ቆመ። እትዬና የውሃ አባት ናቸው።

"አንተ ኮምፒውተር!" አለችኝ ገና ሳትወርድ።

"እንዴት አደርሽ እትዬ?"

"ምን ማደር አለ! ከጸሐፊው ጋር ምሳ በላችሁ? ወይስ እራት ነው?"

"ምን ሆንሽ?"

"መጀመሪያ እሱ፣ መጨረሻ እኔ! አሁን ውሃው እሱ ማሳ ላይ እየተንጎራደደ ነው! ችግኜን ትናንት ነቅዬ ተክያለሁ፤ በዚህ ፀሐይ ነገን ከዋለ ይተኛል፣ ከነገ ወዲያ ገለባ ነው። በወረቀትህ እኔ የሚደርሰኝ በሰባተኛው ቀን ነው። በሰባተኛው ቀን ምኑን ላጠጣ? ገለባውን?"

ላብ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጠዋት ነው እኮ። "አባባ፣ አንቱ አያስታውሱም?" አልኳቸው።

"እንዴት አላስታውስ! ወላሂ፣ መጀመሪያ የወጣው ቀይ ቁልፍ ነው፣ ባለ አራት ቀዳዳ። በእጄ ዳብሼዋለሁ።"

"ታዲያ ያዙሩላታ!"

"አምና ቢሆን አዞር ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ዘንድሮ የሚገዛን ወረቀት ነው ብሎ ያስወሰነው ማነው?"

ባለቤቴ ከጭማቂ መፍጫው በኩል "እሱ ነው" አለች። ባልን አሳልፎ በመስጠት እንደሷ ያለ አላየሁም።

"እኔ አንድ ጊዜ በቃሌ ካዞርኩ፣ ነገ ሁሉም በቃሉ ያዞራል። ተዚያ ያምናው ጠብ ነው" አሉ የውሃ አባት። "በወረቀት የገባ በወረቀት ይውጣ። ጸሐፊው እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ስድስት ሲሆን በወረቀቱ ሁለተኛ ወዳለው አዞራለሁ። ትክክለኛ ወረቀት ካመጣህልኝ ለሱ እታዘዛለሁ። ካላመጣህ ደግሞ ዘመድ የለውም ስላልከው ዕቃህ ለዚች ልጅ አንተው ንገራት።"

ተመልሰው ወደ ቦዩ ሄዱ። እኔ ከላፕቶፔ ጋር ቀረሁ። የደጋ ሰው ጣርማ በርን ወርዶ እኛ ዘንድ ሲደርስ በሙቀቱ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ላፕቶፔ የሚያወልቀው ስለሌለው ይጮሃል። ያን ጠዋት ሁለታችንም እንጮህ ነበር።

ወረቀቱን ከመመዝገቢያው ጋር አስተያየሁት። ስሞቹ የተደረደሩት እኔ ባስገባሁበት ቅደም ተከተል ነው! ያስገባሁት ደግሞ ከጸሐፊው የዕጣ ቀን የስም ዝርዝር ነው፤ ጸሐፊ ሁልጊዜ ራሱን መጀመሪያ ይመዘግባል፤ እትዬ ደግሞ ሮጣ የደረሰችው መጨረሻ ነው። የዕጣው ቁጥር መዝገቡ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል፤ ማሽኑ ግን ጭራሽ አላየውም። ለምን አላየውም? ያን የቆረጥኩትን "ግሩፕ፣ ግሩፕ" አሰብኩት። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሲገባ ማሽኑ የዓምድ ስም ነው አይልም፤ ተራ ጽሑፍ ነው፣ ግድግዳ ላይ እንደተጻፈ ቃል ነው የሚያየው። "በግሩፕ ዓምድ ያለውን አውጣ" ያልኩት እየመሰለኝ "ግሩፕ የሚል ቃል አሥራ አራት ጊዜ ጻፍልኝ" ነው ያልኩት። ድርደራውንም እንደዚያው፤ ኦርደር በሚል አንድ ቃል ደርድር ብዬዋለሁ። በአንድ ቃል አሥራ አራት ሰው እንዴት ይደረደራል? እንዳሉ ተዋቸው። ስህተት እንኳ አላለኝም፣ ከሃዲ!

ቪዲዮውን እንደገና ከፍቼ የህንዱን ጣት በደንብ አየሁ። ጣቱ የሚያርፈው ነጠላ ጥቅስ ላይ አልነበረም፤ ኪቦርዱ ግራ ጥግ ከኤስኬፕ ሥር ባለችው ቁልፍ ላይ ነው። ወደ ግራ ዘንበል ያለች ጭረት አለች፣ እሷ ነች ለእንደዚህ ያለ ስም የምታገለግለው። የእኔ ላፕቶፕ ላይ ያቺ ቁልፍ የለችም። የባለቤቴ የማንጎ ጭማቂ ፈስሶባት ደርቃ፣ ሳጸዳት ተነቅላ ወድቃለች። ቀዳዳውን በእስክሪብቶ ወጋሁት፣ በመርፌ ወጋሁት። ምንም የለም። በእጄ ደርድሬ ልጻፈው እንዳልል፣ ያ የአምናው ደብተር ነው። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።

"ምን ሆነህ ነው ዕቃውን የምትወጋው?" አለችኝ ባለቤቴ።

"ኦርደር የሚለው ቃል የራሱ ነው፣ የማሽኑ። ደርድር ብሎ የሚታዘዝበት ቃል ነው፤ ተይዟል። እኔ ለዓምድ ስም ብሰጠው እኔን ነው የጠራኸኝ እያለ ይደናገርብኛል።"

ብርጭቆዋን እያጠበች ሳቀች። "ታዲያ የቤቱ ጌታ ስም ከሆነ ሌላ ስም አውጣለታ! እኔ ስንት ዓመት ምን ሳደርግ ኖርኩ?"

ይህን ለማያውቅ ላስረዳ። ባለቤቴ የማጀቴ ከተማ ልጅ ናት። የገዛ ወንድሟና የእኔ አባት ስማቸው አንድ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ምራት የአማቷን ስም በአፏ አትጠራም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እኛ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ አባቴን "ጌታዬ" አለች፣ የገዛ ወንድሟንም "የማጀቴው" ትለዋለች። ወንድሟ ሊጠይቃት ሲመጣ "የማጀቴው መጣ!" ስትል መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፤ በኋላ እሱም ስልክ ሲደውል "የማጀቴው ነኝ" ማለት ጀመረ። በዚያ ቤት በስም ተጠራርቶ የተጣላ ሰው የለም። እኔ ያን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ እንጀራዬን በላሁ እንጂ ምንም አልተማርኩም።

ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ኦርደር ላይ ነካሁ፣ አጠፋሁ፣ በላቲን ፊደል "ተራ" ብዬ ጻፍኩ። ግሩፕንም "ቦታ" አልኩት። ኤስኪዩኤል ተራ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? አማርኛ አልተማረም! ያለ ጥቅስ፣ ያለ ጭረት፣ ባዶውን ጻፍኩና በተራ ደርድርልኝ አልኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ከላይ የተቀመጠችው እትዬ ነች። ታችኛ፣ ላይኛ፣ ላይኛ ብሎ ዓምዱም በትክክል ሞልቷል። ዘለልኩ፤ ጣራው ዝቅተኛ ነው፣ ምልክቱ አሁንም ግንባሬ ላይ አለ።

(በኋላ ሌላ ዘዴም እንዳለ ደርሼበታለሁ። የሠንጠረዡን ስም አስቀድመህ፣ ነጥብ አድርገህ ቃሉን ከኋላው ብታስከትል፣ የእኔ ማሽን ይገባዋል። ከነአባቱ ስም እንደመጥራት ነው። ግን ያን ቀን ማን ያውቃል?)

አትሜ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። "ንዳው!" አልኩት ሹፌሩን። "ማን ታሞ ነው?" አለኝ። "ሽንኩርት" አልኩት። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ በመስታወት እያየኝ ነው የነዳው።

ስድስት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ደረስኩ። በተሳሳተው ወረቀት ሁለተኛ የነበረው ሰውዬ ሱሪውን ጠቅልሎ አካፋውን ይዞ ቆሟል። እትዬ ቦዩ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ችግኞቿ ከወገባቸው ጎበጥ ብለዋል። ቀና ብላም አላየችኝ።

"አንብበው" አሉ የውሃ አባት።

የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። "ቀይ ቁልፍ" አሉ። ሁለተኛውን አነበብኩ። "ከሰል" አሉ። ሦስተኛውን። "የማሾ ፍሬ።" ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ስም ባነበብኩ ቁጥር እሳቸው ባርኔጣው ውስጥ የገባውን ዕቃ ይጠራሉ። አሥራ አራቱንም! የአሥረኛውን ሲደርሱ "የግመል በጠጥ" አሉ፣ አካፋ የያዘው ሰውዬም ሳይወድ ሳቀ፤ ለካ የጣለው እሱ ነው። አንድም አልተዛነፈም።

"አልሐምዱሊላህ፣ ዕቃህ ዛሬ ዓይኑ በራ" አሉኝና ወደ ሰውዬው ዞሩ። "አሥረኛ ነህ፣ የጠቀለልከውን ፍታ።" ጸሐፊውን ደግሞ "አንተ የጠጣኸውን ጠጥተሃል፤ በወረቀቱ ተራህ ሲደርስ ታልፋለህ" አሉት። እሱም መጠርጠሩ ከብዶት ነበርና እሺ ብሎ ራሱ ወርዶ ውሃውን ያገደውን አፈር ቆረጠላት።

ውሃው ዞረ። እኔ ከባጃጁ አልወረድኩም ነበርና ጫማዬን ጭቃ አልነካውም፤ ከወንበሬም አልተነሳሁም፣ የባጃጅ ወንበርም ወንበር ነው። ውሃው መጀመሪያ አቧራውን እየገፋ፣ አረፋ እያበጀ መጣ፤ ከዚያ በመስመሮቹ መሐል ጸጥ ብሎ ገባ። እትዬ ቁማ እግሯን ውሃው ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "አንተ ኮምፒውተር" አለችኝ፤ አሁን ድምጿ ሌላ ነው። "ሌላ ጊዜ ሚስትህን አስቀድመህ ጠይቅ።" ማን ነገራት? ባለቤቴ ደውላላት ኖሯል።

እኔ እንደሆነ ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል የወረደልኝ ያህል ነው። ስንት ዓመት ቀልጄያለሁ፣ እንደዚያን ቀን ግን መቀለድ አቅቶኝ አያውቅም። ስመለስ ባለቤቴ አንድ ብርጭቆ ማንጎ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ከላፕቶፑ ርቄ ጠጣሁት።

ያ ሽንኩርት ደረሰ፣ ተነቀለ፣ ከእኛም ወጥ ውስጥ ገባ። ለሁለተኛው ዙር ዕጣ ሲወጣ የውሃ አባት ራሳቸው "ሽቦውን ጥሩት" አሉ።

አሁንም አላመንክም? በል ና። ባጃጆች ከሚቆሙበት ቦታ ሽንኩርት ታሞ የነዳው የቱ ነው ብለህ ጠይቅ፤ ከሳቀ እሱ ነው። ከዚያ ወደ ቦዩ ውረድ፤ የውሃ አባት ከአንገታቸው ከሚያንጠለጥሏት ከረጢት ባለ አራት ቀዳዳውን ቀይ ቁልፍ አውጥተው ያሳዩህ። እትዬን ደግሞ ቀሚሷን እይ፣ በቁልፉ ቦታ መርፌ ቁልፍ ነው ያለው፤ ለምስክር ብላ እስከ ዛሬ አላሰፋችውም። ባለቤቴን ግን አትጠይቅ፤ "ውሃውን ያዞርኩት እኔ ነኝ" ትልሃለች።